ውሻ ያለበት ቁም ሳጥን

ሰኞ

አይገባም አለችኝ። ልጄ ምሕረት ከከተማ ዳር፣ ሮማኒና ያለውን ቤቷን በሜትር ለክታ መጣች። "አባዬ፣ አንተና ሻንጣህ ትገባላችሁ፤ ቁም ሳጥኑ ግን አይገባም።" አከራዬ ይሄን ቤት ሸጦታል። ቅዳሜ ቁልፍ አስረክባለሁ። ያለ ቁም ሳጥኑ አልወጣም አልኳት። "አሎራ፣ እንግዲያው እዚያው ውስጥ ገብተህ ኑርበታ" ብላኝ ሄደች። አፏ የእናቷ ነው።

ቁም ሳጥኑ የአስካለ ነው፣ የሟች ባለቤቴ። ስንት ዓመት ቤቷ ያገለገለቻት ስዊድናዊት ሲኞራ፣ አሠሪዋ፣ ስትሞት ተናዝዛላት ነው። የሲኞራዋ አገር ሥራ ነው፣ ከቅድመ አያቷ የመጣ። በሮቹ ላይ ሥዕል አለ። ቀለም አይደለም፣ ሁሉም እንጨት ነው። ስስ ስስ አድርገው ቆርጠው፣ ገጣጥመው ለጥፈውታል። ነጩ እንጨት በረዶ፣ ጥቁሩ ጫካ፣ ቀዩ የአዳኙ ኮት። ጠመንጃ አንግቷል፣ ከፊቱ ውሻ ይሄዳል። አስካለ አቧራ ስትጠርግ ከውሻው ነበር የምትጀምረው።

ሽጠው ይሉኛል። አይሸጥም።

ማክሰኞ

መላ መጣልኝ። ለቤተ ክርስቲያን እሰጠዋለሁ፣ በስሟ። ሙት ዓመቷም ደርሷል። የካህናቱ ልብስ በፌስታል ታጭቆ ነው ያለው፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

የደብሩ ኮሚቴ አቶ ሽፈራው ከሥራ ሲወጣ መጥቶ አየው። ዳሰሰው። ወደደው። ቀጥሎ ጎንበስ አለና፣ "ጋሽ ወርቅነህ፣ ይሄ ውሻ ነው እንዴ?"

ነው አልኩት።

"ውሻ ቤተ ክርስቲያን አይገባም እኮ።"

እንጨት ነው፣ አይጮህ፣ አይናከስ አልኩት።

"ምእመናኑስ ምን ይላሉ? አባን እንጠይቃቸው። ሚላኖ ናቸው፣ ዓርብ ይመለሳሉ።"

ደጅ ጠንቼ አላውቅም። ያውም ለምሰጠው።

ረቡዕ

ምሕረት ደወለች። ውሻው አስቸገረ አልኳት። ሳቀች፣ ሳቀች። "እማዬ ይሄን ብትሰማ" አለች።

አዳኙ ይገባል። ጠመንጃው ይገባል። ውሻው አይገባም። ምን ዓይነት ሕግ ነው።

አልጋውን ወስደውታል። ፍራሹ መሬት ላይ ነው። ወገቤን።

ሐሙስ

አበላሸሁት።

አባን ልጠብቅ አላልኩም። ውሻውን ብቻ ላንሳው ብዬ ቢላ በእሳት አሙቄ ከሥሩ ሰደድኩ። ጆሮው ደህና ወጣ። እጄ ገና አልሞተም ብዬ ኮራሁ። ጀርባው ላይ ስደርስ ተሰነጠቀ። በረዶውን ይዞት ተነሳ። የአዳኙም እግር አብሮ ሄደ። መልሼ በኮላ ልለጥፍ ብል የተጣበቀው ጣቴ ላይ ነው። ተንበርክኬ ስብርባሪ ስለቅም ዋልኩ። የቱ እግር፣ የቱ በረዶ እንደሆነ አይለይም።

አሁን በሩ ላይ ያለው ጉድጓድ ነው። ለቤተ ክርስቲያን አይሆን፣ ለሰው አይሆን። አስካለን ሁለተኛ ጊዜ ቀበርኳት።

ለምሕረት አልነገርኩም።

ዓርብ

አባ ከባቡሩ በቀጥታ መጡ፣ ሻንጣቸውን እንደያዙ። አቶ ሽፈራውም አብሯቸው ነው። መስቀል ተሳለምኩ። አባ በሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ማን ፋቀው?"

እኔ።

"ማን ይፋቁት አለዎት?"

ማንም።

"መጋረጃ ይጋረድበት ነበር እኮ፣ ጋሽ ወርቅነህ። ቤተ ክርስቲያን መጋረጃ አጥታ ታውቃለች?"

አቶ ሽፈራው መሬት መሬት አየ። እኔ ፍራሹ ላይ ቁጭ አልኩ። መጋረጃ። ይሄን ሕፃን ልጅ ያስበዋል። አንድ ቀን መታገስ አቅቶኝ።

ይጣል፣ ማዘጋጃ ቤት ይውሰደው አልኳቸው።

"ለእግዚአብሔር ቤት የሰጡትን መልሰው አይጥሉም። ነገ ይወሰዳል" አሉኝ። አዝነውልኝ ይሁን፣ እውነት ፈልገውት ይሁን አላወቅኩም።

ቅዳሜ

የደብሩ ጎረምሶች በፉርጎኔ፣ በዕቃ መኪና፣ ወሰዱት። ደረጃው ላይ ከግድግዳ ሲጋጭ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንደኛው "ጋሼ፣ ውስጡ ሰው አለ እንዴ?" ይለኛል። ተሸከም አልኩት።

ቁልፉን አስረከብኩ።

ከቤተ ክርስቲያኑ የኋላ ክፍል፣ ጨለም ያለ ጥግ ላይ አቆሙት። ልብሱን ሰቀሉበት። መጋረጃው አረንጓዴ ነው። አስካለ አረንጓዴ አትወድም ነበር። ጉድጓዱ አይታይም። አዳኙም፣ ጫካውም አይታይም። ምን እንደሰጠሁ የሚያውቅ የለም።

አሁን የምሕረት ሶፋ ላይ ነኝ። "አባዬ፣ ደስ አለህ?" አለችኝ።

ገባ አልኳት።