በወዳጅነት ዋጋ ስለፈረሰው የእናቴ ምድጃ

ለጋዝ ላኪው አገር የጋዝ ዋጋ ወሳኝ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ይህ ደብዳቤ በሞቀው ቢሮዎ ኮትዎን አውልቀው በሸሚዝ ብቻ እንደተቀመጡ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። እኛ የቫሌያ ኑኩሉይ መንደር ሰዎች ካፖርታችንን እንደለበስን እራት ከመብላታችን በቀር ደህና ነን።

ምስጋናዬን ላስቀድም። ቢጫው የጋዝ ቧንቧዎ ቤታችንን ሊያሞቅ በየአጥራችን ተዘርግቶ፣ በየደጃፋችን አናት ታጥፎ መንደራችን የገባ ዕለት ቄሳችን ጠበል ረጭተውለታል፤ ማርሽ ባንድም ተሰልፎለታል። የላኩልን ተወካይ ወይናችንን ከጠጣ በኋላ ዋጋው «የወዳጅነት ዋጋ» መሆኑን፣ ወዳጅነትም እንደማያልቅ ነገረን። አምነን ብንተወው ደግ ነበር። እኛ ግን ለወዳጅነቱ ክብር ብለን የጡብ ምድጃዎቻችንን አፈረስን። ምድጃ ስልዎ ድስት የሚጣድበት ብቻ አይምሰልዎ፤ አሮጊቶቻችን የበረዶውን ወራት በሙሉ ጀርባው ላይ ይተኙበት ነበር።

እናቴ አክሴኒያ መዶሻውን ስታይ ምድጃዋ ላይ ወጥታ ቁጭ አለች። «ጋዝ ላኪው ሰውዬ አንድ ቀን ቢያኮርፍስ?» አለች። የመንደራችን ሹም ፓንፊልም «እማማ፣ ይውረዱ እንጂ! ኩርፊያና ጋዝ ምን አገናኛቸው?» ብሎ አባብሎ አወረዳት። በጡቡ የዶሮ ቤት ሠራንበት።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

1ኛ. ሚኒስትራችን ወደ ምዕራብ ሄዶ እርስዎ ከማይወዱት ሰው ጋር ሲጨባበጥ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ጋዙ ተወደደ። እጅ የጨበጠው እሱ፣ እግሯ የቀዘቀዘው እናቴ።

2ኛ. በዚያው ቧንቧ፣ በእኛው ደጅ አልፎ የሚደርሳቸው የጎረቤት አገር ሰዎች ግን የሚከፍሉት የድሮውን ዋጋ ነው። መሪያቸው በዓልዎ ላይ ተገኝቶ ጉንጭዎን ስሞዎታል አሉ። የእነሱ ድንች ከእኛ ድንች በተሻለ ወዳጅነት የሚበስል ከሆነ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

3ኛ. ለምርጫው ዋዜማ ዋጋውን ዝቅ አደረጉልን፤ ያልወደዱትን ሰው ስንመርጥ መልሰው ሰቀሉት። ከዚያ ወዲህ እናቴ የትኛውም ሚኒስትር በዜና ላይ ፈገግ ሲል ካየች ካልሲ ትደርባለች።

4ኛው ቀልድ የለበትም። ባለፈው ጥር እናቴን ሳንባዋን አመማት። ያለንን ብርድ ልብስ ሁሉ ብናለብሳትም መንቀጥቀጧን አላቆመችም። ሐኪሙ «ሙቅ ቦታ አስተኟት» ብሎን ሄደ፤ ሙቁ ቦታ ግን ዶሮዎቹ ጋ ነበር። ያን ቀን እርስዎን ጠላሁ፤ ራሴንም እንደዚያው።

የዶሮ ቤቱን አፍርሰን ምድጃውን መልሰን ሠራነው። ዶሮዎቹ አሁን ከእኛ ጋር ወጥ ቤት ያድራሉ። እናቴ ተሽሏት ምድጃዋ ላይ ሆና ሁላችንንም ታዝዛለች፤ ቧንቧዎም በርበሬ ማድረቂያ ሆኖ እያገለገለ ነው።

ስለዚህ ዋጋ ይቀንሱልን ብዬ አልለምንዎትም። ደስ ያለዎትን ያህል ያስወድዱት። ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፤ እባክዎ ዳግመኛ ወዳጅ አያድርጉን።

ምድጃው ላይ ቦታ ያላት እናቴ ብቻ በመሆኗ በጓንት ለጻፍኩት ፊርማ መጣመም ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ከአክብሮት ጋር እጅ የምነሳ፣

ኒኪፎር ቦስታን፣ ሞልዶቫ

ማስታወሻ፦ ቧንቧዎን ለመጎብኘት በጥር ብቅ ቢሉ እናቴ ትልቁን ክፍል አሰናድታልዎታለች። በባህላችን ምርጡ ምንጣፍና ምርጡ ትራስ ያለው እዚያ ነው፤ ከክቡር እንግዳ በቀርም ማንም አይተኛበትም። ቤተሰብ የማይኖርበት ክፍል ስለሆነ ግን ምድጃ ተሠርቶለት አያውቅም።