የኦሪን ተትል ሕይወትና ያለ ፈቃድ የተሠራው መወጣጫ

ኦሪን ተትል ከአባታቸው ከክላይድ ተትልና ከእናታቸው ከማቤል ሩግስ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1949 በኒው ሃምፕሻየር፣ በዚሁ በሃርሎ ከተማ፣ ዛሬ አስከሬናቸው ባረፈበት ቤት ተወለዱ። የሕይወት ታሪካቸውን ፓስተሩ እንዳይጽፉት የተናዘዙት ራሳቸው ናቸው። "ፓስተሩ ያሞግሱኛል። ዴል ይጻፈው፤ እሱ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል" ብለዋል አሉ። እኔ ዴል ፔቲንጊል ከመንገዱ ማዶ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረቤታቸው ነኝ። ትምህርቴ ብዙ ስላልሆነ ስሕተት ብታገኙ እለፉኝ።

ኦሪን በከተማችን ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ። በ1968 ለግዳጅ ውትድርና ተጠርተው ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ሲጠግኑ ቆዩ፤ ሲመለሱም የአባታቸውን የእንጨት መሰንጠቂያ ተረከቡ። በኦክቶበር 1973 ከዊኒፍሬድ ስታርክ ጋር ትዳር መሥርተው ሎይስ የተባለች አንዲት ልጅ ወለዱ።

በየዓመቱ ማርች ላይ በሚደረገው የከተማችን ጠቅላላ ስብሰባ፣ አዲስ ያገባን ወንድ የአሳማ ሹም አድርጎ መምረጥ የቆየ ቀልድ ነው። ጥንት የባዘነ አሳማ የሚይዝ እውነተኛ ሹም ነበር። ዛሬ አሳማውም የለ፣ ሥራውም የለ፣ የቀረው ስሙ ነው። በ1974 ኦሪን ተመረጡና አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እንደማንኛውም ሹም ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ሕገ መንግሥቱን ሊጠብቁ ማሉ። ሌላው ሙሽራ ቢሆን ምሎ፣ ቢራውን ጠጥቶ ይተኛ ነበር። እሳቸው ግን ቤት ገብተው "ዊኒ፣ ያላነበብኩትን ነገር ማልኩ እኮ" አሉ። በማግስቱ ከቤተ መጻሕፍት ተዋሱት። ከዚያ በኋላ የመለሳቸው የለም።

ያነበቡት ሲጠቃለል ይህ ነው፦ መንግሥት ያለው ሥልጣን ተጽፎ የተሰጠው ብቻ ነው፤ ያልተሰጠው የእኛው ነው። በየማርቹ እየተነሡ "ይህን እንድታደርጉ የፈቀደላችሁ የትኛው አንቀጽ ነው?" ይሉ ነበር። ቀጥለውም የአሳማ ሹም የሚባለው ሹመት ይሰረዝ ብለው ሐሳብ ያቀርባሉ። ይሸነፋሉ፤ ሹመቱም ይታደስላቸዋል። ውሻ ለማሳደግ ከተማው ስለሚጠይቀው ፈቃድ ሲከራከሩ ብቻ ስንት እራት ቀዝቅዞብናል። አንድ ጊዜ "ኦሪን፣ ኧረ ይቀመጡ፣ ውሻው ራሱ ተስማምቷል" ብላቸው፣ "ውሻው ድምፅ አይሰጥም፤ አንተ ግን ትሰጣለህ" አሉኝ።

በኦገስት 2016 ዊኒ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ግራ ጎኗ ሽባ ሆነ። ኦሪን በራሳቸው መሰንጠቂያ ባወጡት ሳንቃ፣ ከበሩ እስከ ግቢው ለዊልቸሯ የሚሆን መወጣጫ ሠሩላት። በየጠዋቱ እየገፉ ወደ ፖም ዛፎቿ ይወስዷት ነበር። በስድስተኛው ሳምንት የከተማው ግንባታ ተቆጣጣሪ መጣ። ዊኒ በመስኮት እያየችው ሜትሩን ዘረጋ። መወጣጫው ፈቃድ የለውም፣ ተዳፋቱም ከደንቡ በአንድ ጣት ይበልጣል፣ ፈርሶ አዲስ ማመልከቻ ይግባ፣ መልሱም አራት ወር ይፈጃል አለ።

"አንተም እንደኔ ምለሃል። አንብበኸዋል?" አሉት ኦሪን።

"እኔ እጄን ነው ያነሣሁት፣ ሚስተር ተትል። ቅጹን ይሙሉልኝ።"

አልሞሉም። ዊኒ "አንተ የአሳማ ሹም፣ እኔ ያማረኝ አንቀጽ አይደለም፣ ዛፎቼን ማየት ነው። ፈርምላቸውና ልውጣበት!" ብላቸዋለች። ብዕሩን አንሥተው ረጅም ጊዜ ያዙት፤ መልሰውም አስቀመጡት። "ሚስቴን ከገዛ ቤቴ ለማውጣት ማንን ነው የማስፈቅደው?" አሉ። በዚህ ያን ጊዜ ተናድጄባቸው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም አልበረደልኝም።

በማርች 2017 ስብሰባ፣ ዊኒ በሕይወት እስካለች መወጣጫው ይቆይ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በዚያው ጠዋት የራሱን የማዘጋጃ ቤቱን መወጣጫ ለክተውት ነበር፤ ከደንቡ በሦስት ጣት ይበልጣል። ይህንን ሲናገሩ ሰብሳቢው "ማዘጋጃ ቤቱ ለራሱ ፈቅዷል" ብሎ መለሰ። ሰው ሳቀ። ያንን ሳቅ ባሰብኩት ቁጥር ያንገሸግሸኛል።

እጅ ተቆጠረ፤ ሠላሳ ሦስት ለሠላሳ ሦስት። እኩል ከሆነ ሐሳቡ ወደቀ ማለት ነው። የእኔ እጅ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቤቴ ጎን ልሠራው ያሰብኩት የመኪና ጋራዤ ፈቃድ ተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ላይ ፊርማ እየጠበቀ ነበርና ፈራሁ። ኦሪን ዞር ብለው አዩኝ። የከተማውን ሹማምንት ሁሉ ብጸየፍም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን ያህል የተጸየፍኩት ሰው የለም።

በኤፕሪል ሠራተኞች መጥተው መወጣጫውን ነቀሉት። ኦሪን እያንዳንዱን ሳንቃ በኖራ ጠመኔ ቁጥር ጽፈውበት መሰንጠቂያው ውስጥ ደረደሩት። ከዚያ ወዲያ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ዊኒን በየጠዋቱ ታቅፈው አራት ደረጃ ያወርዷት፣ ታቅፈው ይመልሷት ነበር። ወገባቸው እስኪሰበር ድረስ። ኖቬምበር 2018 ዊኒ አርፋ ከፖም ዛፎቿ ሥር ስትቀበር፣ ከተማው ማኅተም ያለበት የሐዘን ካርድ ላከ። ኦሪን ምድጃ ውስጥ ከተቱት።

የእኔ ፈቃድ በዚያው በኤፕሪል ደርሶ ነበር። የጋራዤን ሳንቃ የሰነጠቁልኝ እሳቸው ናቸው። "ፈቃዱ ደረሰልህ?" አሉኝ። "ደረሰ" አልኩ። "ጎሽ" ብለው መጋዙን አስነሡት። ስለዚያ እጅ አንድም ቀን አላነሡብኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኦሪን ካለፈው ክረምት ጀምሮ በልብ ድካም ታመው በሎይስ እጅ ሲታከሙ ቆይተው፣ ዓርብ ሜይ 3 ቀን 2024 ጠዋት፣ በሰባ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ልጃቸውን ሎይስን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና ያለ ፈቃድ የሚኖር አንድ ውሻን ትተው አልፈዋል። እስከ ዕለተ ሞታቸው የሃርሎ የአሳማ ሹም ነበሩ።

ትናንት ሳንቃዎቹን ከመሰንጠቂያው አውጥቼ በቁጥራቸው በዚሁ ቤት በር ላይ ገጣጥሜያቸዋለሁ። ከአርባ አንዱ አንድ አልጎደለም። ማንንም አላስፈቀድኩም፣ ተዳፋቱንም በአንዲት ጣት እንኳ አላሻሻልኩትም። ተጠያቂ የሚፈልግ ካለ ሠሪው እኔ ነኝ፣ ዴል ፔቲንጊል፣ ከመንገዱ ማዶ።

አሁን ኦሪን በዚያ መወጣጫ ወጥተው ከፖም ዛፎቹ ሥር ወደምትጠብቃቸው ወደ ዊኒ ይሄዳሉ። አምላካችን ነፍሳቸውን መውጣትም መግባትም ማመልከቻ በማይጠየቅበት ቤቱ ይቀበልልን፤ ለሎይስና ለልጆቿም መጽናናትን ይስጥ። ሣጥኑን ለመሸከም ስድስት ሰው ያስፈልጋል። የእኔ እጅ ከኪሴ ወጥቷል፤ አምስት ይቀራል።