ስለ ቴፑ ያልጻፍሁት

ሐሙስ

አራተኛውን ወረቀት ቀደድሁት። ሦስቱ ረዘሙብኝ፣ አራተኛው ልመና መሰለ። አንድ አሮጌ ቴፕ ሪከርደር ለመሸጥ ይህን ያህል መጨነቅ! የተማሪ ድርሰት ሳርም «አጭር፣ ግልጽ፣ እውነተኛ» እላለሁ። አምስተኛው እንዲህ ይላል፦

«የሚሸጥ ቴፕ። ድምፅ ይቀርጻል፣ መልሶ ያሰማል። በባትሪ ይሠራል። ድምፁ የጠራ ነው። ሁለት ጥቅል ክር አብሮ ይሰጣል። የሚሸጠው ባለቤቱ ስለ ተዛወረ ነው።»

አንድም ውሸት የለበትም። ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ እየሞቀ እንደሚጎተት ግን አልጻፍሁም። ከዚያ ወዲያ በዝግታ የቀረጸው፣ ዕቃው በርዶ ሲሰማ እየፈጠነ የሽማግሌ ድምፅ የሕፃን ይሆናል። ይህን ብጽፍ ማን ይገዛልኛል? ከጠቅላይ ግዛቱ የዝውውር ደብዳቤ ደርሶኛል፣ ክፍሌንም አስረክቤያለሁ። በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ወደ ደብረ ታቦር መንገደኛ ነኝ፤ ይህን ዕቃ በበቅሎ ጭኜ አልንገላታም።

ዓርብ

ወረቀቱን በጨርቅ ነጋዴው በሐጂ ይማም ሱቅ በር ላይ ለጠፍሁት። አነበቡትና «ነውሩስ?» አሉኝ። ከሱቁ ፊት አንድ ባላገር በሬውን እያሻሸ «ከቀትር በኋላ ይተኛል፣ ጧት ግን ወንድ ነው» ይላል። እዚህ ገበያ ከብት ነውሩ ሳይነገር አይሸጥም። «ሐጂ፣ ይኼ እኮ በሬ አይደለም» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ቀትር ላይ መምሬ አስረስ ከድጓ ትምህርት ቤቱ ከቤተ ልሔም ደብር በእግራቸው መጡ። የድጓ መምህራቸው የኔታ አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ሳይጠፋ ዜማቸውን መቅረጽ ተፈልጓል። የኔታ «ድምፄን ሣጥን ውስጥ አልከትም» ሲሉ ከርመው በስንት ልመና እሺ አሉ። ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። መምሬ ትንሽ አዜሙ፣ መልሼ አሰማኋቸው፣ ፊታቸው በራ። ስለ ነውሩ ጥያቄ የለም። «መምህር የጻፈው ነው» አሉ ብቻ። ሸጥሁላቸው። ሲሄዱ መስቀል አሳለሙኝ። ተሳለምሁ፣ እኔው!

ቅዳሜ

ሰበብ ስደረድር ዋልሁ። ምናልባት አጭር ያዜሙ ይሆናል። ምናልባት በቤተ ልሔም ብርድ አይሞቅ ይሆናል። ምናልባት... ተወው። ለሒሳብ መምህሩ ብነግረው «ገዢ ዐይኑን ይክፈት እንጂ» አለኝ። ለቴፕ ዐይን ምን ይሠራል? ነገ ማልጄ ሄጄ እናገራለሁ። ዛሬም መሄድ እችል ነበር፣ ፈሪ ነኝ።

እሑድ

መንገዱ ፈጀብኝ፤ ስደርስ ጀምረዋል።

የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ያዜማሉ። ካህናቱና ተማሪዎቹ ከበዋቸዋል። ቴፑ ይዞራል፣ እየተጎተተ። «አቁሙ» ማለት ነበረብኝ። ግን የኔታን በዜማ መካከል ማን ያቋርጣል? እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ እየባከነ መሆኑን የማውቅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። እስኪጨርሱ ቆምሁ።

ዕቃው ሲበርድ መልሰው ከፈቱት። መጀመሪያ የጠራ ነበር። ከዚያ እየቀጠነ፣ እየፈጠነ ሄዶ የጫጩት ጩኸት ሆነ። ማንም አልሳቀም። መምሬ አስረስ ወደ እኔ ዞረው «ይቅር በለን መምህር፣ እኛው ሳናበላሸው አልቀረንም» አሉኝ።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ሁሉንም ተናገርሁ።

የኔታ ወረቀቱን ጠየቁ። መምሬ ከሱቁ በር አንሥተው ይዘውት ኖሯል። ቆሜ አነበብሁላቸው። ዜማ እንደ ሳተ ተማሪ «ድገም፣ የጎደለውን ጨምር» አሉኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ ይጎተታል» እያልሁ ሦስት ጊዜ ደገምሁ።

«ይኼን ጽፈኸው ቢሆን እያሳረፍን እንቀርጽ ነበር» አሉ የኔታ። «እኔስ ማረፍ እጠላለሁ? በአንድ ትንፋሽ የተወጣሁት፣ ወረቀትህ ማሳረፍን ስላላነሣ፣ ዕቃው ማቋረጥ አይወድም ብዬ ነው።»

ሰኞ

የኔታ ድምፃቸው ተዘጋ። ሲናገሩ እንኳ በእጃቸው ነው። ትናንት አቅማቸውን ሁሉ አወጡ፣ የኔን ወረቀት አምነው። መምሬ አስረስን «ገንዘቡን ልመልስና ልውሰደው» ብላቸው «አንተ ታውቀዋለህ፣ አንተው እያሳረፍህ ቅረጽበት» አሉኝ። ከተማሪዎቹ ጎጆ አደርሁ። ያለኝን ዳቦ አካፈልኋቸው፤ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ።

ማክሰኞ

ጧት የኔታ አስጠሩኝ። ማር በትኩስ ውኃ ጠጥተው ተቀምጠዋል። ቴፑን ከፈትሁ። አንዲት አጭር ዜማ አወጡ፤ ሻካራ፣ መሐል ላይ የተሰበረች። ሳይሞቅ ዘጋሁት። መልሼ ሳሰማቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የእሑዱ ሌላ ነበር» አሉ።

አዎ፣ ሌላ ነበር። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ተርፎልናል። የቀረው በእኔ ምክንያት የለም፤ ይህን ምንም አልመልሰውም።

ተነሥቼ ስወጣ «ነገም ና» አሉኝ። ለበቅሎው ባለቤት ቅዳሜ እንደማልሄድ ላክሁበት። እግዚአብሔር እሳቸውን ያቆይልኝ እንጂ፣ እኔስ እመጣለሁ።