ከክንፍ ተመዝዘው ጠረጴዛ ላይ ስለቆሙት ዘንጎች

ለተከበሩ አቶ ሰይፈ ቸኮለ
የአዲስ ጮራ የወጣቶች ክበብ ኃላፊ
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎን ከነቤተሰብዎ አብዝቶ ይስጥልኝ። ከሰንደቅ ዓላማው ቀን ወዲህ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ወደ ማዶ የሚያሻግርዎ የእግር ሕመም ካለም ፈጥኖ እንዲሽርልዎ እጸልያለሁ። እኔ የክበቡ የሞዴል አውሮፕላን ቡድን የቀድሞ መሪ፣ ባለቤትዎ ሴት ልጄን ክርስትና ስላነሱልኝም አበልጅዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከቸልተኝነት በቀር ሌላ በሽታ የለብኝም፤ እሱም ቢሆን በግምገማ የተገኘብኝ ነው።

የልብዎን ደግነት ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ስለምፈልግ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ከሁሉ አስቀድሞ ያለ ሞተር የምትንሳፈፈው ግላይደራችን ስለተሠራችበት ነገር አመሰግናለሁ። ከቡሬው ኤግዚቢሽን የተረፉትን፣ በሁለት ወረቀት መካከል ፎም ያለባቸውን የማሳያ ሰሌዳዎች በጀርባዎ ተሸክመው ያመጡልን እርስዎ ነበሩ። በክንፏ ሆድ ላይ የማዳበሪያ ሥርጭት ሰንጠረዥ ስለቀረ፣ ከላያችን ስታልፍ የየቀበሌውን ኩንታል እያነበብን እንስቅ ነበር። ያን ጊዜ እርስዎ እጅጌዎን ሰብስበው ከእኔ ጋር የሚቆርጡና የሚለጥፉ ሰው ነበሩ እንጂ ገና ኃላፊ አልነበሩም።

2ኛ. ኃላፊ በሆኑበት ክረምት ለወንበር ቦታ ጠበበ ብለው ክንፎቹን ከመደርደሪያ አውርደው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በማስተኛትዎ፣ ወንበሮቹንም በላያቸው በመደርደርዎ አመሰግናለሁ። ወረቀቱ እርጥበቱን ጠጥቶ፣ በመስከረም ስናወጣቸው እንደ ደረቀ ቆዳ ተጣመው አገኘናቸው። ያም ለበጎ ሆነ፤ እህቴ ወይኒቱ ከአዲስ አበባ የላከችልኝን፣ ከእርሳስ የሚቀጥኑ፣ ክንፍ እንዳይታጠፍ የሚይዙ ጥቁር የካርቦን ዘንጎች ለመጠቀም ምክንያት አገኘን። ክንፉን አድርቀን፣ ክብደት ጭነን አቀናነው፤ ከቀና በኋላ ሆዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰንጥቀን ዘንጎቹን አስተኝተን በሙጫ ያዝናቸው። ሳይቃና ዘንግ የገባበት ክንፍ ጠማማነቱ እንደጸና ይቀራል ብለው ወጣቶቹን ያስተማሩት እርስዎ ነበሩ። ስንጥቁንም በምላጭ ያወጡት እርስዎ ስለነበሩ እያንዳንዱ ዘንግ የት እንደተኛ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

3ኛ. ይህን እውቀትዎን በሰንደቅ ዓላማው ቀን ማለዳ በሥራ ላይ ስላዋሉት ምስጋናዬ እጥፍ ነው። ለክብር እንግዶች ጠረጴዛ ትንንሽ ባንዲራዎች ተዘጋጅተው መስቀያ ዘንጋቸው ተረስቶ ኖሯል። ከአዊ የሚመጣው ቀርከሃ ገበያውን ሞልቶት ሳለ፣ እርስዎ ጥቁርና አንጸባራቂ ነገር ለእንግዳ ዓይን ይመጥናል ብለው ዘንጎቹን ከክንፉ መዘዙ፤ ስንጥቁንም በነጭ ፕላስተር አሳምረው ደፈኑት። እኔ ሜዳውን ሳሰናዳ ነበርና ግላይደሯን ይዘውልኝ የመጡት እርስዎ ነዎት። ክንፏን ልፈትሽ ብል እንግዶቹ ቸኩለዋል፣ እኔ ፈትሼያታለሁ አሉኝ። አመንሁዎ።

በገመድ ተጎትታ ከመድረኩ በላይ ስትደርስ ክንፏ መሐል ለመሐል ታጥፎ በእንግዶቹ ፊት ቁልቁል ወረደች። ሕዝቡ ሳቀ። እኔ ስብርባሪዋን ልሰበስብ ጎንበስ እንዳልሁ ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ አረፈ፤ ከባንዲራዎቹ በአንዱ ዘንግ ላይ ከነሙጫው “ኩንታል” የሚል ቁራጭ ወረቀት ተጣብቆ ነበር። በኋላ የክበቡን ዘበኛ ጋሽ ሸጋዬን ብጠይቃቸው፣ አቶ ሰይፈ ናቸው የመዘዙት፣ እኔ ምን አግብቶኝ እናገራለሁ አሉኝ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኸው ነው።

4ኛ. በክበቡ አዳራሽ በተካሄደው ግምገማ ላይ ሰብሳቢው ዘንጎቹ የት ሄዱ ብለው ሲጠይቁ፣ እርስዎ ሞባይልዎን አውጥተው በጥሞና መመልከትዎን አልረሳውም። እኔ ብናገር ለባንዲራ ዘንግ የነፈገ ተብዬ ሌላ ስም ይወጣልኝ ነበር፤ እርስዎ ቢናገሩ ግን የችኮላ ስሕተት ነው ተብሎ በሳቅ ያልፍ ነበር። ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ጥፋቱ በእኔ ቸልተኝነት ነው፣ ቡድኑም ይበተን ተብሎ ድምፅ ሲጠየቅ ከሁሉ ቀድሞ የወጣው እጅ የእርስዎ ነበር። አቶ ሰይፈ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ግላይደር ሌላ ይሠራል። ያንን እጅ ሳይ ግን አንጀቴ ነው የተቆረጠው።

5ኛ. ይህም አልበቃ ብሎ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ስለላኩብኝ አመሰግናለሁ። መሪጌታ ክንፈሚካኤልን የመሰሉ አባት ደጄ ድረስ መጥተው፣ አንተ አበልጅህን በከንቱ አኩርፈሃልና ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ በለው ሲሉኝ፣ የነገሯቸውን ታሪክ እርዝመት ገመትሁ። በአገራችን ድንጋይ የሚሸከመው በዳይ ነበር፤ በእርስዎ ዘመን ይህም መሻሻሉን አልሰማሁም ነበር። መሪጌታን አክብሬ ሸኘኋቸው፤ ይህን ደብዳቤዬንም በፖስታ አሽጌ በእጅዎ መስጠት ትቼ የክበቡ በር ላይ ለጠፍሁት። የተዋረድሁት በአዳራሽ ስለሆነ በጓዳ መታረቅ አልችልም።

ልመናዬ አጭር ነው፤ በዚያው አዳራሽ፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት ቆመው፣ ዘንጎቹን የመዘዝሁት እኔ ነኝ ይበሉልኝ። ይህን ያሉ ዕለት ድንጋዩ ይቅርና ጉልበትዎን ስሜ ቤቴ እወስድዎታለሁ።

በማይናወጥ አክብሮት፣ ክፉኛ በተናወጠ እምነት፣
የትናንት ወንድምዎ የዛሬ ቸልተኛዎ
ባምላኩ ገብረሰንበት
ኅዳር 2005 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሲሳይነሽ፣ ምን ብናስቀይማችሁ ነው ለበዓሉ እንኳ ቤታችን ሳትመጡ የቀራችሁ ብለው በባለቤቴ በኩል ልከውብኛል። ከእኔ ሳይሆን ከእርስዎ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ እስካሁን ምላሽ አልሰጠሁም። ዝም ማለትን በግምገማው ዕለት ከእርስዎ ተምሬያለሁ፤ እንደ እርስዎ ግን አልቻልሁበትም።