ማደጊያ የሌለው ቀሚስ

ይድረስ ለልጄ፤ እግርሽ የረገጠው ሁሉ ይለምልምልሽ፣ ክፉ አይይሽ። እኔም ልጅሽ ሚጢጢም ደህና ነን።

አንደኛ ዓመት ልደቷን በትንሽ ወጪ ለማክበር ሽር ጉድ እያልኩ ነው። የኬክ ቤቱን ዋጋ ስሰማ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤታችን ግን "እኔ እያለሁልሽ!" ብላ ተቆጣችኝ። ፊኛውን ራሴ እነፋለሁ፤ ትንፋሽ እንደሆነ በነጻ ነው። ለልብሷ ያንቺን የድሮ ቀሚስ አፍርሼ በልኳ ቆረጥኩና በስፒል አያይዤ የሟቹ አባትሽ የስፌት መኪና ላይ አሳደርኩት።

ጠዋት ተሰፍቶ አገኘሁት። ክሩ እንደ አባትሽ ልማድ ሦስቴ ተቋጥሯል። ሚጢጢ ባዶ ወንበሩን እያየች ትስቃለች።

ይህስ ባልከፋኝ፤ ናፍቀነው ይሆናል። ግን ታውቂው የለ፣ የልጅ ልብስ ሲሰፋ "ማደጊያ ነው" እያለ ከጫፉ ትርፍ ጨርቅ ሳያጥፍ አይለቅም ነበር። ለሚጢጢ አልተወላትም።

ራሴ ማደጊያ ቀጠልኩበት። በማግስቱ የቀጠልኩት ተፈቶ፣ በሥርዓት ተጣጥፎ ትራሷ ሥር አገኘሁት።

ልጄ፣ ስጦታ አትላኪ። ብቻ ከልደቷ በፊት ብትመጪልኝ። በሰላም ያገናኘን፤ ለሚጢጢም ረጅም ዕድሜ ይስጣት። እዚህ ላይ ስትደርሺ፣ እባክሽ፣ ጮክ ብለሽ አሜን በይ።

እናትሽ