የማን ሰንጢ ነው?

የካቲት 4 ቀን 1970

ቅዳሜ። ግማሽ ቀን ሠርቼ ከካርጎ ቢሮ ወጣሁ። በእግሬ እስከ ቦሌ ሚካኤል። ቢላ የሚስሉት ጋሼ እንድሪስ ገና ሲያዩኝ ድንጋያቸውን አቆሙ።

"ዘርፌ፣ ዛሬ ደስ የሚልሽ ነገር አለኝ።"

ከጨርቅ ፈተው ሰጡኝ። የጎሽ ቀንድ እጀታ ያለው ሰንጢ! ሲታጠፍ ድምፁ... ጠቅ። የእጀታው ጫፍ ተሰብሮ በመዳብ ተጠግኗል። የአገር ቀጥቃጭ ሥራ ነው፤ ስለቱ ከመኪና ባሌስትራ የወጣ ይመስለኛል።

ከአባቴ በወረስኩት አንድ ሰንጢ ነበር የጀመርኩት። አሁን የሐረሩም፣ የጎንደሩም፣ የጅማውም አለኝ። አገር ሰላም ሲሆን ለሙዚየም እሰጣቸዋለሁ። ሴት ልጅ ሰንጢ ትሰበስባለች ብለው ቢሮ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ዘንድሮማ ቀንቶኛል። ከገና ወዲህ ያገኘሁት ካምናው ሁሉ ይበልጣል።

የካቲት 5

አዲሱን በዘይት ወለወልኩት። "የጎሽ ቀንድ፤ ምናልባት ከወለጋ" ብዬ ጽፌ አሰርኩበት። ሌሊት ተኩስ ነበር። አሁን አሁን እንቅልፌንም አያቋርጠው።

የካቲት 12

መጻፍ አልፈለግኩም። ቢሆንም ልጻፈው።

አዝመራ ከእስር ቤት ስትመለስ ወደኔ ጎራ አለች። ቢሮ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። ባሏን ረታን ኅዳር ላይ ከቤት ወሰዱት። አስተማሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ምግብ ታደርሳለች። ማየት አይፈቀድም። ጥበቃው ሳህኑን ተቀብሏት ይገባል፤ ባዶውን ይመልስላታል።

"ዛሬም ጨርሶ በላ" አለችኝ። ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር።

ላጫውታት ብዬ የሰንጢዎቼን ሳጥን ከፈትኩ። አንድ ሁለቱን አየች። ከዚያ የቀንዱን አነሳች። መዳቡን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"ከጋሼ እንድሪስ። አያምርም?"

"የረታ ነው።"

ሳቅኩ። ቀልድ መስሎኝ... ሳቅኩ!

"ይሄን መዳብ ራሱ ነው የመታው። በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ። እኔ ምስማር ሳቀብለው።"

"ሻጩን ጠይቂልኝ" አለችኝ። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሰንጢው ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ።

የካቲት 13

አዝመራ ሥራ አልገባችም። እኔ ገብቼስ ምን ሠራሁ?

የካቲት 14

ከሥራ ስወጣ ጋሼ እንድሪስ ጋ ሄድኩ። ሰው እስኪሄድላቸው ቆምኩ።

"ያን የቀንድ ሰንጢ ማን ሰጠዎት?"

"ምነው? ስለቱ ተበላሸ?"

"ማን ሰጠዎት?"

ዙሪያቸውን አዩ። "አንድ ጥበቃ አለ። የእስር ቤት።"

"ከእስረኛ ቀምቶ?"

"ሲገቡ ኪሳቸው ይፈተሻል። የሚፈታ ሰው ዕቃውን ይዞ ይወጣል።"

"የማይፈታውስ?"

ድንጋዩን በመዳፋቸው ጠራረጉ፤ ጠራረጉ። "ከዚያ ለሚወጣ ሬሳ ሰንጢ ምን ያደርግለታል፣ ልጄ?"

ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። "ከገና ወዲህ የሰጡኝ ሁሉ?"

"ሁሉም።"

"እያወቁ!"

"አልጠየቅኩትም" አሉ። "አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ?"

የካቲት 15

አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ለየኋቸው። የድሮዎቹ ወዲህ፣ የዘንድሮዎቹ ወዲያ።

ያቺ ትንሿ... የተማሪ ናት። ስገዛት ስለቷ ላይ የእርሳስ ጥቁረት ነበረባት። ቆሻሻ ብዬ አጠብኩት። እኔ! በሳሙና!

ቀንቶኛል ብዬ ጽፌ የለም?

የካቲት 17

አዝመራ ገባች። ምሳ ሰዓት ላይ ከመጋዘኑ ጀርባ ጠራችኝ። አውሮፕላን እየተነሳ ስለነበር ጩኸቱ እስኪያልፍ ዓይን ለዓይን ተያይተን ቆምን።

"ጠየቅሽልኝ?"

"ጠየቅኩ።"

"እና?"

ልዋሻት ነበር። አፌን ከፈትኩ... አልሆነልኝም። ነገርኳት።

አላለቀሰችም። "ሳህኑ ባዶውን እኮ ነው የሚመለሰው፣ ዘርፌ። ማነው የሚበላው?" አለች።

የካቲት 19

ማለዳ አዝመራ ቤት ሄድኩ። አብሬያት ልዋል ብዬ። ምስር ወጥ ሠርታ ሳህኑን በጨርቅ እየቋጠረች አገኘኋት። አእምሮዋን ነካት እንዴ? አልኩ በልቤ። ተከተልኳት።

በሩ ላይ ጥበቃው "የማን?" አለ።

"የረታ ገመዳ።"

ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ተቀብሏት ገባ። ባዶውን ይዞ ወጣ።

መንገድ ላይ አልቻልኩም። "አዝመራ፣ ለምን?"

"የሚበላው ሰው አለ እኮ" አለችኝ። "ምናልባት አጠገቡ ይተኛ የነበረ። የኔ ሳህን ቢቀር ምን ሊበላ ነው?"

ሰንጢውን ውሰጂው አልኳት። ልጆቹ ካዩት ያውቁታል፣ አንቺ ጋ ይቆይ አለች።

መጋቢት 9

ጋሼ እንድሪስ በሬ ድረስ መጡ። እንዳልመልሳቸው ፈርተው ነው መሰለኝ አልተቀመጡም። አንድ ሰንጢ እጄ ላይ አኖሩ። ዋጋም አልጠሩ። "የሚፈልገው ሰው ቢገኝ" ብለው ሄዱ።

ሚያዝያ 14

አዝመራ ሁለት ሴቶች ይዛ መጣች። እስር ቤቱ በር ላይ አብረዋት የሚሰለፉ። ፈራሁ። ቀበሌ ቢሰማስ? ግን እንዴት ብዬ ልመልሳቸው?

አንደኛዋ ትንሿን ሰንጢ አነሳች። ያጠብኳትን። ጮኸች ብዬ ደነገጥኩ... የጮኸችው ግን በነጠላዋ ውስጥ ነው፤ አፏን በሁለት እጇ አፍና። ልቅሶ ክልክል ነዋ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ሰኔ 4

ወረቀቶቹን ሁሉ ፈትቼ አቃጥያለሁ። የጎሽ ቀንድ፣ ከወለጋ... ለማን ምን ያደርጋል? ከእንግዲህ አልሰበስብም። የሚመጣ ሲኖር ሳጥኑን እከፍታለሁ፣ በቃ።

ዛሬ እማማ ወለተማርያም የሚባሉ እናት መጡ። ልጃቸው ከጥር ወዲህ ደብዛው የለም። መነጽር ስለሌላቸው ሰንጢዎቹን መስኮቱ ጋ ወስደው አንድ በአንድ አገላበጡ። እኔ ትንፋሼን ይዤ። የመጨረሻውን አስቀመጡና በእልልታ ሊያቀልጡት ሲሉ ጎረቤት እንዳይሰማ እጃቸውን ያዝኳቸው።

"የለበትም!" አሉኝ። "የልጄ የለበትም! አለ ማለት ነው!" ጉንጬን ሳሙኝ፣ እጄን ሳሙኝ።

ስሸኛቸው፣ ሌላ ከመጣ ልለይላቸው ብዬ "የልጅዎ ሰንጢ እጀታው ምን ዓይነት ነበር?" አልኳቸው።

"እሱ? ኧረ ሰንጢ ይዞም አያውቅ፣ ልጄ!"

ፊታቸው እንደበራ ነው። ቆመው ያዩኛል። የምለውን እየጠበቁ።

"እሰይ" አልኳቸው።