የፊት መብራቱ ቀዳዳ

ለውድ ልጄ ለአሚራ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጅማ ሆነን የምናደርገው ዱዓ ሐዋሳ ድረስ ይድረስሽ። እኔና እናትሽ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። ጽሕፈቱ የእናትሽ ነው፤ እጄ በሥራ ስለቆሸሸ እኔ እየነገርኳት እሷ ትጽፋለች።

በአሮጌ ሻንሲ ላይ የምገጣጥማት ትንሿ መኪና እየደረሰች ነው። ማክሰኞ የፊት መብራቷን ቀዳዳ ቆረጥን። አካሏ ፋይበር ግላስ ነው፤ እንደ ላሜራ አይደለም፤ ከተሳሳትሽ ቀጥቅጠሽ አትመልሺውም። መስመሩን ሳሰምር እናትሽ፣ «የአሚራ አባት፣ ወደ ጎማው ሸሽቷል እኮ» አለችኝ። እሷው አስተካክላ አሰመረችው፤ እኔም መጋዙን ሰጠኋት። ሠላሳ ዓመት ባትላሜራ ስሠራ ጋራዥ ገብታ የማታውቅ ሴት፣ ብናኙ እንዳይገባባት አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍና ቆረጠች! እጄን በእጇ ላይ አድርጌ፣ «ሱታ፣ ቀስ በይ» እላት ነበር። ጠርዙን በሞረድ ያለሰለስኩት ግን እኔ ነኝ፤ ጣቴ እንደ ድሮው ነው።

መብራቱ ልክክ ብሎ ገባ። ማብሪያውን ተጫንኩና «በራ?» ብዬ ጠየቅኳት። እጄን ይዛ መስታወቱ ላይ አኖረችልኝ። ይሞቃል።

«በርቷል» አለችኝ።

የቀረው ቀለም ነው፤ አንቺ ትመርጫለሽ ብዬ አቆይቼዋለሁ። ሥራሽ ከፈቀደልሽ ዒድን አትጠብቂ። ፎቶዬን እልካለሁ ብለሽ ነበር፤ ተይው ልጄ፣ ፎቶ በጣት አይታወቅም፤ ራስሽ ነይ።

አላህ በወጣሽበት በገባሽበት ይጠብቅሽ።

በዱዓው የማይረሳሽ አባትሽ፣
ሸኩር